የወዳጆችን የድሮ ፖስትካርድ እንዴት እናንብብ? ከብስኩት ቆርቆሮው እስከ ታሪኩ

አባቴ ካረፈ በኋላ ዕቃውን ስናስተካክል ከአልጋው ሥር አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አገኘን። ውስጡ በላስቲክ የታሰሩ 11 ፖስትካርዶች ነበሩ፤ ሁሉም ከአንድ ሰው፣ ሁሉም ከሌኒንግራድ የተላኩ። ላኪው ደሴ ላይ ከአባቴ ጋር በአንድ ዴስክ ተቀምጠው የተማሩ፣ በ1969 ዓ.ም. መጀመሪያ ለትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት የሄዱ ጓደኛው ናቸው። በዚያው ምሽት አሥራ አንዱንም በአንድ ቁጭታ አነበብኩና ምንም የለባቸውም ብዬ ደመደምኩ። ሰላምታ፣ ብርድ፣ ናፍቆት፣ እንደገና ሰላምታ። ታሪኩ እስኪገለጥልኝ ሁለት ዓመት ፈጀ፤ ከዚያም ላይ ብዙውን ጊዜ የወሰደው ቸኩዬ የጻፍኩትን እየሰረዝኩ ማረም ነበር።

ይህን የምጽፈው እንደዚያ ያለ ቆርቆሮ፣ ሻንጣ ወይም የድሮ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የተቀመጠ የካርድ ጥቅል ላላችሁ ነው። በብዙ ቤት እንዳለ አውቃለሁ። አንዳንዱ ቤት ደግሞ ሳያነበው ይጥለዋል፤ ያ ያሳዝነኛል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልብ በሉ። ደብዳቤ ይታሸጋል፤ ፖስትካርድ ግን ክፍት ሆኖ ነው የሚሄደው። ፖስታ ቤት ውስጥ የሚለየው ሠራተኛ፣ ከሣጥን የሚያወጣው ተላላኪ፣ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ፣ በር ላይ የሚቀበለው ጥበቃ ሁሉ ሊያነበው ይችላል። ሁለት ጓደኞች በካርድ ሲጫወቱ ሌላ ጆሮ እንዳለ ያውቃሉ። ስለዚህ የሚናገሩትን ሰም አልብሰው ይናገራሉ። ሰሙን ካላወቃችሁ ወርቁ አይገኝም፤ ሰሙን ደግሞ የሚያውቁት ያኔ አብረው የነበሩ ሰዎች ናቸው።

መጀመሪያ፦ ቅደም ተከተሉን አታፍርሱ

ጥቅሉን ስታገኙ ፈታ አድርጎ ማገላበጥ ያሰኛል። ታገሡ። ካርዶቹ የተደረደሩበት ሥርዓት ራሱ መረጃ ነው፤ ባለቤቱ ከላይ ያስቀመጠው ብዙ ጊዜ ደጋግሞ ያየው ነው። እንዳለ ፎቶግራፍ አንሱት፣ ከዚያ አንድ በአንድ እያነሳችሁ ከ1 ጀምሮ ቁጥር ስጡ። ቁጥሩን ካርዱን በምታስገቡበት ወረቀት ላይ ጻፉ። የግድ ካርዱ ላይ መጻፍ ካለባችሁ በለስላሳ እርሳስ፣ ከጀርባው ጥግ ላይ፣ ሳትጫኑ ይሁን። እስክርቢቶ በፍጹም አይነካው።

እጃችሁን ታጥባችሁ በደንብ አድርቁ። ጓንት አያስፈልግም፤ የጨርቅ ጓንት የጣት ስሜትን ስለሚያደነዝዝ የተሰነጠቀ ጠርዝ ይቀድዳል። ቡናና ሻይ ከጠረጴዛው ይራቅ። የተቀደደውን በፕላስተር አትለጥፉ፤ ሙጫው ዓመታት ሲቆጠሩ ቢጫ ሆኖ ወደ ወረቀቱ ይሰርጋል። ላሚኔት ማድረግም እንዲሁ የማይመለስ ጥፋት ነው። ከሁሉ የከፋው ግን ቴምብሩን ለመሰብሰብ ብሎ በእንፋሎት ማንሳት ነው። ቴምብሩ ሲነሳ ማኅተሙ ለሁለት ይቆረጣል፤ ቀኑም አብሮ ይሄዳል።

የዛገ ቆርቆሮ፣ የሚሸት ፕላስቲክ አልበም፣ ከወጥ ቤት ጋር የሚጎራበት ቁም ሣጥን ለካርድ አይሆንም። አሲድ የሌለው ወረቀት ካገኛችሁ በእሱ ጠቅልላችሁ በካርቶን ሣጥን፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ፣ ፀሐይ በማይደርስበት ደረቅ ክፍል አስቀምጡ። በክረምት አልፎ አልፎ ከፍታችሁ ተመልከቱ፤ የሻጋታ ሽታ ከመጣ ካርዶቹን ለያይታችሁ ጥላ ሥር አናፍሱ።

ቅጂ አዘጋጁ

ከዚህ በኋላ የምትሠሩት በቅጂው ላይ ነው። ስካነር ካለ በኢንች 600 ነጥብ፣ ፊቱንም ጀርባውንም። ከሌለ ስልካችሁ ይበቃል፤ ቀን ላይ መስኮት አጠገብ፣ ያለ ፍላሽ፣ ስልኩን ከካርዱ ትይዩ አድርጋችሁ አንሱ።

ጽሑፉ የደበዘዘ ከሆነ አንድ ዘዴ አለ። ክፍሉን አጨልሙና የባትሪ መብራት ከካርዱ ጎን፣ ከጠረጴዛው ጋር እኩል ዝቅ አድርጋችሁ አብሩ። እስክርቢቶ ወረቀቱን ተጭኖ ያለፈበት ቦይ ጥላ ይጥላል፤ ቀለሙ ቢጠፋም ፊደሉ ይነበባል። ከካርዶቹ አንዱ ውኃ ነክቶት ግማሹ ነጭ ሆኖ ነበር። በዚህ መንገድ ነው «አይብረድህ» የሚለውን ቃል ያገኘሁት። ወደዚህ ቃል እመለሳለሁ።

ቀኑን ከአራት ምስክር ጠይቁ

ቀን የሌለው ካርድ ታሪክ አይሆንም፤ የተሳሳተ ቀን ያለው ደግሞ የባሰ ነው። ጸሐፊው የጻፈው ቀን፣ የፖስታ ቤቱ ማኅተም፣ ቴምብሩ እና ካርዱ ራሱ አራት ምስክሮች ናቸው። አንዱን ብቻ ሰምታችሁ አትፍረዱ።

ጸሐፊው የጻፈውን እንያዝ። በዕድሜ የገፉ ጸሐፊዎች በግእዝ ቁጥር ይጽፋሉ፤ ፲፱፻፶፭ ማለት አሥራ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ አምስት ነው። በእጅ ጽሑፍ ፮ እና ፯ ስለሚመሳሰሉ ሌላ ካርድ ላይ ያለውን የዚያኑ ሰው አጻጻፍ አመሳክሩ። የእኛን ዓመት ወደ ፈረንጅ ለመመለስ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ድረስ ስምንት ይደመራል፤ ድንበሩ አንዳንድ ዓመት በአንድ ቀን ይዛነፋል።

ዓመት ባይጻፍም ተስፋ አትቁረጡ። የእንቁጣጣሽ ካርድ ላይ «ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በሰላም አሸጋገረህ» የሚል ካለ ዓመቱን ወደ አራት አንድ አጥብቦላችኋል። 5500 ላይ ዓመተ ምሕረቱን ደምራችሁ ለአራት አካፍሉ፤ ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ዮሐንስ ነው። «ጳጉሜን 6» ብሎ የጻፈ ካጋጠማችሁማ እሰየው! ስድስተኛዋ ቀን የምትገኘው በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ብቻ ስለሆነ ካርዱ የ1955፣ የ1959፣ የ1963፣ የ1967 ወይም የ1971 ዓይነት ዓመት ነው።

ውጭ አገር ሆኖ የጻፈ ሰው ግን ሁለቱን አቆጣጠር ያደባልቃል። የአባቴ ጓደኛ ስምንተኛው ካርድ ላይ «ጥር 20/78» ይላል። በ1978 ዓ.ም. የተጻፈ መስሎኝ በዝርዝሬ መጨረሻ አስቀመጥኩት። ከሌሎቹ ስምንት ዓመት ዘግይቶ የመጣ፣ ከምንም ጋር የማይገናኝ ካርድ ሆነብኝ። ብዙ ቆይቼ በማጉያ መነጽር ማኅተሙን ስመለከት 23፣ 1፣ 78 የሚሉ ቁጥሮች አየሁ። ሌኒንግራድ ደግሞ በ1978 ዓ.ም. የቆጠረችው 1986ን ነው! ሰውየው «ጥር» ያሉት ጃንዋሪን ነበር፤ ዓመቱም የፈረንጅ ነው። ወደ እኛ ሲመለስ ጥር 12 ቀን 1970 ዓ.ም. ይሆናል፤ የጥምቀት ማግሥት። ካርዱ ከመጨረሻ ወደ መሐል ሲገባ ታሪኩ ሁሉ ተገለበጠ።

ቴምብር የሚነግራችሁ «ከዚህ በፊት አይደለም» የሚለውን ነው፤ የታተመ ቴምብር ዓመታት ቆይቶ ሊለጠፍ ይችላል። ቢሆንም ጠቃሚ ነው። የሶቪየት መታሰቢያ ቴምብሮች የታተሙበትን ዓመት በደቃቅ ቁጥር ይይዛሉ። «ሲ.ሲ.ሲ.ፒ.» የሚመስለው ጽሑፍ በሩሲያ ፊደል «ኤስ.ኤስ.ኤስ.አር.» ተብሎ የሚነበበው የሶቪየት ኅብረት ምኅጻረ ቃል ነው። ካርዱ ጀርባ ግርጌ ላይ በደቃቅ ፊደል የአሳታሚው ስም፣ ብዙ ጊዜም ዓመቱና በኮፔክ (በሶቪየት ሳንቲም) ዋጋው ይገኛል። የከተማ ስምም ይመሰክራል። ሌኒንግራድ በዚህ ስም የተጠራችው እ.ኤ.አ. ከ1924 እስከ 1991 ነው። ከምሥራቅ ጀርመን የመጣ ካርድ ላይ «ካርል ማርክስ ሽታት» ካለ እ.ኤ.አ. ከ1953 እስከ 1990 ባለው ጊዜ የተላከ ነው፤ ከተማዋ ዛሬ ኬምኒትስ ትባላለች።

ከአገራችን የተላኩትም የየራሳቸው ምልክት አላቸው። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ምስል ያለበት ቴምብር እስከ 1966 የታተመ ነው። «ኃይለ ሥላሴ 1ኛ ዩኒቨርሲቲ» የሚል አድራሻ ከ1954 ጀምሮ እስከ አብዮቱ ሰሞን ድረስ የተጻፈ ነው። ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት እንጦጦ፣ ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ጦር ኃይሎች የተባሉት ከአብዮቱ በኋላ ነው፤ ሰው ግን የድሮውን ስም ዓመታት ይዞ ስለሚቆይ በዚህ ብቻ አትደምድሙ። ሥዕሉ ላይ ጊዮርጊስ አደባባይ የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት ቆሞ ከታየ ፎቶው ከ1923 ዓ.ም. ወዲህ ነው፤ ኢጣሊያኖች አንሥተውት ከነጻነት በኋላ ተመልሶ ቆሟል። የአፍሪካ አዳራሽ ካለ ከ1953 ወዲህ ነው።

በጣም ያረጀ ካርድ ያላችሁ ጥቂቶች ትሆናላችሁ፤ ለእናንተ በአጭሩ። ፖስትካርድ በመንግሥት ፖስታ ቤት መሸጥ የጀመረው በአውስትሪያ ሀንጋሪ እ.ኤ.አ. በ1869 ነው። በድሮው ካርድ ጀርባው ለአድራሻ ብቻ ስለነበር መልእክቱ የሚጻፈው በሥዕሉ ዳርና ዳር ነበር። ጀርባውን በመስመር ለሁለት ከፍሎ ግራውን ለመልእክት መስጠት በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1902፣ በአሜሪካ በ1907 ተፈቀደ። መስመር ያለውን ከሌለው በዚህ ትለያላችሁ። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1908 ነው፤ ከዚያ በፊት ወደ ውጭ በሚላክ ካርድ ላይ ከምኒልክ ቴምብር ጋር የፈረንሳይ ጅቡቲ ቴምብር ተጨምሮ ብታዩ አይግረማችሁ።

ቴምብር የሌለውን አትናቁ

ማኅተምና ቴምብር የሌለው ካርድ አልተላከም ማለት አይደለም። በእኛ አገር ብዙው ካርድ የሄደው በመንገደኛ እጅ ነው። «በእጅ»፣ «በአምጪው በኩል» የሚል ጽሑፍ ጥጉ ላይ ፈልጉ። እንዲህ ያለው ካርድ ከሌላው ይልቅ ልቡን ከፍቶ የሚናገር ነው፤ የሚያምኑት ሰው ይዞት ሄዷልና።

ሌላው የፎቶ ቤት ካርድ ነው። ጓደኛሞች ሲለያዩ ፎቶ ቤት ገብተው፣ ከቤት የመጣ ኮት ተዋውሰው፣ አንዱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሌላው ትከሻው ላይ እጁን ጭኖ ይነሣሉ። ፎቶው ብዙ ጊዜ በፖስትካርድ ወረቀት ይታተም ስለነበር ጀርባው ላይ የአድራሻ መስመር አለው። «ይህን ፎቶግራፍ ለማስታወሻ ሰጥቼሃለሁ» ከሚለው ቀጥሎ የሚመጣው ዓረፍተ ነገር የራሱ የሰውየው ነው። ኮቱን ደግሞ በጥንቃቄ እዩት። አንዱ ኮት በሦስት የተለያዩ ሰዎች ላይ በሦስት ፎቶ ሊወጣ ይችላል፤ እንግዲያው ማን ከማን ጋር ይዋዋስ እንደነበር አገኛችሁ ማለት ነው።

እንዳለ ገልብጡት

ጽሑፉን ወደ ደብተር ወይም ወደ ኮምፒውተር ስትገለብጡ አታርሙ። «ሠላም» ብሎ ከጻፈ «ሠላም»፣ «ኃገር» ብሎ ከጻፈ «ኃገር» ይሁን። በየቃሉ መካከል ሁለት ነጥብ የሚያደርግ ሰው፣ ቁጥር በግእዝ የሚጽፍ ሰው፣ ማክበሪያ የሚያበዛ ሰው የት እንደተማረና ከማን ጋር እንደሚነጋገር በዚያ ይታወቃል። ያልተነበበውን ቃል በጥያቄ ምልክት ተዉት እንጂ በግምት አትሙሉት። የተሰረዘ ቃል ካለ ሥር ያለውን ለማንበብ ሞክሩ፤ ሰው በካርድ ላይ የሚሰርዘው ሦስተኛውን አንባቢ ሲያስታውስ ነው።

የማይገባ ስምም ብታገኙ ዝለሉት አይባልም። በየካርዱ የሚጠሩትን ሰዎች ሁሉ በአንድ ሉሕ ላይ ዘርዝሩ፤ አጠገቡም በየትኛው ካርድ ላይ እንደተጠሩ ጻፉ። «ለእማማ ሰላም በልልኝ» የምትባለው እማማ በስንተኛው ካርድ ላይ ቀረች? ይህ ዝርዝር ከሁሉም በላይ ጠቅሞኛል።

ሰላምታውን ለይታችሁ፣ የተረፈውን አንብቡ

«ለማይረሳው ወንድሜ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስህ፤ ለጤናህ እንደምን አለህ፤ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» እስኪል ድረስ የካርዱ ግማሽ ያልቃል። ይህ የሁላችንም አባቶች የደብዳቤ ወግ ነው። ወጉን በቀጭን እርሳስ ቅጂው ላይ አስምሩበት። ያልተሰመረበት የቀረው ሁለት ወይም ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው፤ ታሪኩ ያለው እዚያ ላይ ነው። ወጉም ራሱ ሲጎድል ይናገራል። «እግዚአብሔር ይመስገን» እያለ የሚጽፍ ሰው ከአንድ ወር ጀምሮ ይህን ቃል ካልጻፈ፣ ያኔ ምን ሆኖ ነበር ብላችሁ ጠይቁ።

እኔ ያልተሰመረበትን ብቻ ሰብስቤ ሳነብ ይህን አገኘሁ። ታኅሣሥ 1969፦ «ያ ባለ ሰማያዊ ሹራቡ እንዴት ነው?» ሚያዝያ፦ «ባለ ሹራቡ አልጻፈልኝም፤ ብርዱ በረታበት ወይ?» ነሐሴ፦ «ስለ ሹራቡ ዝም አልከኝ።» ቀኑን ያሳሳትኩት ስምንተኛው ካርድ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «ስለ ሹራቡ ሰማሁ። ከእንግዲህ አልጠይቅም። አንተ ግን አይብረድህ።»

ከዚያ በኋላ ባሉት ሦስት ካርዶች ሹራብ የሚል ቃል የለም።

እዚህ ላይ የተሳሳትኩትን ልንገራችሁ። ዘመኑ 1969 እና 1970 ነው፤ ቀይ ሽብር። ስለዚያ ጊዜ ጥቂት አንብቤ ስለነበር «ሹራብ» የአንድ ድርጅት የምስጢር ስም ነው ብዬ በድፍረት ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። ለእኅቶቼም አወራሁ። አባታችንን ያልነበረውን ሰው አደረግሁት። የካርዱን ሰም ከመጽሐፍ ባነበባችሁት ታሪክ ብቻ አትፍቱ፤ በሁለት ጓደኛሞች መካከል ያለ ቃል ፍቺው የሚገኘው ሰፈራቸው ውስጥ ነው።

በሥዕሉም እንዲሁ። ስምንተኛው ካርድ ላይ ያለው ሥዕል የኔቫ ወንዝ ድልድይ መርከብ ለማሳለፍ ለሁለት ተከፍቶ ወደ ላይ ቆሞ ነው። የተለያዩ ወዳጆች ምሳሌ አድርጌ ወሰድኩት፤ እንባም አመጣብኝ። ኋላ እንደተረዳሁት የሶቪየት ካርዶች ብዙ ጊዜ በወረቀት ማቀፊያ በጥቅል ነበር የሚሸጡት፤ ሰውየው ከአንድ የድልድዮች ጥቅል እያነሱ ነው የጻፉት። የልደት ካርዱ ላይም ድልድይ አለ። ሥዕሉ የተመረጠ መሆኑን ለማወቅ የዚያን ሰው ሌሎች ካርዶች አጠገቡ ዘርጉ።

የሚያውቀውን ሰው ጠይቁ፤ ግን ቀስ ብላችሁ

ከሁሉም ከባዱና ከሁሉም የሚክሰው ይህ ነው። ካርዱን ይዛችሁ ስትሄዱ ጥያቄ አታስቀድሙ። ቡናው ይፈላ። መጀመሪያ የሥዕሉን ፊት አሳዩ፤ እጃቸው ላይ አድርጉላቸው። ጽሑፉን እናንተ ጮክ ብላችሁ አታንብቡ፤ የሚያነቡ ከሆነ ራሳቸው ያንብቡት፣ ዓይናቸው ከደከመ ያኔ ይጠይቋችኋል። «ይህ ማለት ምንድን ነው?» ከሚለው ይልቅ «ይህ ሲመጣ የት ነበራችሁ?»፣ «ካርዱን ማን ነበር ከፖስታ ቤት የሚያመጣው?»፣ «ሲነበብ ማን ማን ነበር?» የሚለው ብዙ ያስወራል። ድምፅ ለመቅዳት አስፈቅዱ። እንባ ከመጣ ስልኩን ዝጉትና አብራችሁ ተቀመጡ።

አክስቴን የጠየቅኋት እንደዚህ ነበር። «እትዬ፣ ይህን ድልድይ ታውቂዋለሽ?» አልኳት። አገላብጣ አየችው፤ መነጽሯን አደረገች። «ሹራቡ» የሚለውን ስታይ ካርዱን ጭኗ ላይ አኖረችው። ድርጅት አልነበረም። ሰው ነበር። ደሴ ላይ ሦስት ሆነው ነበር የሚማሩት፤ ሦስተኛው ልጅ ክረምት ከበጋ ከአንድ ሰማያዊ ሹራብ ሌላ ልብስ ስላልነበረው «ባለ ሹራቡ» ይሉት ነበር። በ1969 ክረምት ታሰረ፤ ኅዳር ላይ እናቱ ስንቅ ይዘው ሲሄዱ «ከእንግዲህ አያስፈልግም» ተባሉ። ስሙ በክፍት ካርድ ላይ ቢጻፍ ለሁለቱም አደጋ ነበር። በትምህርት ቤት በኩል በሚመጣ ካርድ ላይ ግን ሹራብ ሹራብ ነው፤ ማንም ምንም አይልም።

ሌላውን ግማሽ ፈልጉ

በቆርቆሮው ውስጥ ያለው ለአባታችሁ የተጻፈው ነው። አባታችሁ የጻፈው ሌላ ቤት ነው ያለው። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ ግማሽ ጭውውት ይዞ ሙሉ ታሪክ ያወራል።

የላኪውን ቤተሰብ ለማግኘት አድራሻው ላይ ካለው ፖስታ ሣጥን ቁጥር ይልቅ ሰው ይሻላል፤ በዚያ ዘመን በእኛ አገር ፖስታ እቤት ድረስ ይመጣ ስላልነበር የሣጥን ቁጥሩ ብዙ ጊዜ የመሥሪያ ቤት ወይም የትምህርት ቤት ነው። እድርተኛውን፣ የትምህርት ቤት ጓደኞች ማኅበርን፣ የቤተ ክርስቲያኑን ሰው ጠይቁ። የአባቴን ጓደኛ ያገኘኋቸው በአንድ የሠርግ ቪዲዮ ነው፤ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ይኖራሉ። ደወልኩላቸው። «ጋሼ፣ የእገሌ ልጅ ነኝ» አልኩ። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «ድምፅህ የእሱ ነው» አሉኝ።

ስታገኟቸው ካርዶቻችሁን ቀድማችሁ ላኩ። ሰው የራሱን የወጣትነት እጅ ጽሑፍ ካየ በኋላ የእናንተን ግማሽ መፈለግ ይጀምራል። ጋሼም እንደዚያ ነበሩ፤ ከሳምንት በኋላ ከአባቴ የደረሷቸውን የስድስት ካርዶች ፎቶ በስልክ ላኩልኝ። አብዛኛዎቹ ከአብዮቱ በፊት የታተሙ፣ «የ13 ወር ፀጋ» የሚሉ የቱሪስት ካርዶች ናቸው፤ ከሥርዓቱ መለወጥ በኋላም ሱቅ ውስጥ የተረፈው ይሸጥ ነበር። የሁለቱን ወገን ካርዶች በቀን ቅደም ተከተል አንዱን ከሌላው ሥር አድርጋችሁ ደርድሩ። ካርዱ በመንገድ የሚቆይበትን ሁለት፣ ሦስት ሳምንት አትርሱ፤ ሁለቱ ካርዶች መንገድ ላይ ተላልፈው ከሆነ መልስ የሚመስለው መልስ አይደለም።

ከማሳየታችሁ በፊት

ካርዱ የእናንተ ይሁን እንጂ በውስጡ ያሉት ሰዎች የእናንተ አይደሉም። የአንዱ ዕዳ፣ የአንዷ ሕመም፣ ያልተሳካ ፍቅር፣ የታሰረ ልጅ። ቤተሰቡ ካለ ፈቃድ ጠይቁ፤ ፌስቡክ ላይ የምታወጡ ከሆነ አድራሻና ስም ሸፍኑ። እኔ የባለ ሹራቡን እኅት አግኝቼ እስካነጋግራት ድረስ ለማንም አላሳየሁም፤ ስሙን እዚህ ያልጻፍኩትም እሷ ስላልፈለገች ነው።

ካርዶቹን የሚጠብቅላችሁ ተቋም ከፈለጋችሁ ወመዘክር እያልን የምንጠራውን የኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት፣ ስድስት ኪሎ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም፣ ለዚያ ዘመን ደግሞ መስቀል አደባባይ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ጠይቁ። ቅጂ ለራሳችሁ አስቀሩ።

መዝገቡን አሳድሱ

አዲስ ነገር በመጣ ቁጥር የመጀመሪያ ማስታወሻችሁን አትቅደዱት፤ ሰርዛችሁ ከሥሩ ቀን ጻፉና አርሙ። የእኔ ደብተር ላይ «ሹራብ» የሚለው ቃል አጠገብ ሁለት ስርዝ አለ። የመጀመሪያው አክስቴን ያነጋገርኩ ዕለት የተሰረዘው «የድርጅት ስም» የሚለው ነው። ሁለተኛው «የሰው ቅጽል ስም ብቻ» የሚለው ነው፤ የጋሼ ፎቶዎች የደረሱኝ ማታ ሰረዝኩት።

ከስድስቱ አንዱ የጎንደር ፋሲል ግንብ ያለበት፣ መጋቢት 1970 የተጻፈ፣ ለስምንተኛው ካርድ መልስ የሆነ ነው። የአባቴ ጽሑፍ ደቃቅና ቀጥ ያለ ነው። ከሰላምታው በኋላ እንዲህ ይላል፦ «ሹራቡን እናቱ ለእኔ ሰጡኝ። እጅጌው አጥሮኛል። ክረምት ክረምት እለብሰዋለሁ።»

ስልኩን ይዤ ወደ እናቴ ክፍል ሄድኩ። በልጅነቴ ዝናብ ሲጥል አባቴ እጅጌው ከእጁ አንጓ በላይ የሚቀር፣ ክርኑ የተጣፈ ሹራብ ይለብስ ነበር። እናቴ ስንት ጊዜ «ለለማኝ ልስጠው» ብላው አልሰጥም አለ። ከሣጥኗ ሥር፣ በነጠላ ተጠቅልሎ አወጣችው።

መዝገቤ ላይ ከአሥራ አንዱ ካርዶች ቀጥሎ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ቁጥር 12። ሹራብ፣ ሰማያዊ፣ ሱፍ፣ ክርኑ የተጣፈ። ከካርድ ቁጥር 8 እና ከመልሱ ጋር ይቀመጥ።»